ሐይቅ፦ ከደሴቱ የተጻፈ፣ ከዳርቻው ያልተጻፈ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ የተጻፈ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ሐይቅ የሚለውን ስም ሳያገኝ አያልፍም። ይኩኖ አምላክ ሲነሣ ሐይቅ ይነሣል፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሲታወሱ ሐይቅ ይታወሳል። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ከድኖ «ለመሆኑ በዚያ ውኃ ዳርቻ ማን ይኖር ነበር? ምን ያርስ፣ ለማንስ ይገብር ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ የሐይቅ ታሪክ እስከ ዛሬ የተጻፈው ደሴቱ ላይ ተቁሞ ነው፤ ከዳርቻው ሆኖ ገና በወጉ አልተጻፈም። ይህም የአንዲት የገጠር ከተማ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። የሀገራችንን ታሪክ የምንጽፍበትና የምንጣላበት መንገድ በትንሿ ሐይቅ ላይ እንደ መስታወት ይታያል።

ከስሙ እንጀምር። በዛሬው አማርኛችን ሐይቅ ማለት ውኃው ነው። በግእዝ ግን ቃሉ የውኃውን ዳር ያመለክታል፤ «ሐይቀ ባሕር» ሲባል የባሕር ጠረፍ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ መጀመሪያ የሚጠራው ዳርቻውን ነበር ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ግን ዳርቻውን ዘሎ ወደ ደሴቱ ተሻገረ።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደሴን ከወልድያ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በደቡብ ወሎ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ መውረድ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተኝቷል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። በዚህ ረገድ በስፋቱ እጅግ የሚበልጠውን ጣናን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል። ከበላዩ አርድቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ የአርድቦ ውኃ በአንከርካ ወንዝ አማካይነት ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቅ ግን ወደ ማንም አይፈስስም። የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል፤ መልካሙንም ክፉውንም።

ትውፊት በደሴቱ ላይ የነበረውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጅማሬ ወደ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ይወስደዋል። የገዳሙ ታላቅ ዘመን የጀመረው ግን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደዚህ ከመጡ በኋላ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ማለትም እስከ 1292 ገደማ ድረስ፣ ደሴቱን የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ከዚሁ ገዳም ተምረው ወጥተዋል። ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል ዘመናቸው በእርግጥ ከሚታወቁ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት ማይክሮፊልም ተነሥቶ ለተመራማሪዎች ደርሷል።

ወደ ፖለቲካው ስንመጣ፣ ነገሩ ይወሳሰባል። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑን ሲይዝ ማን ረዳው? የሐይቅ ወገን «ኢየሱስ ሞዐ ናቸው» ይላል፤ የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ «ተክለ ሃይማኖት ናቸው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ስለ ቃል ኪዳንና ስለ ወሮታ ይተርካሉ። የሐይቁ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የተባለውን ማዕርግ እንዳገኘ፣ ለቤተ ክርስቲያንም የሀገሩ ሲሶ እንደ ተሰጠ የሚነገረው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት የገዳሙን አለቆች ተራ በተራ ተከታትለዋል። የኢየሱስ ሞዐ ገድል ራሱ የተጻፈው ከእርሳቸው ዕረፍት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይስማማሉ። ይህ ማለት ገድሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስለ 1270 ከሚነግረን ይልቅ፣ በተጻፈበት ዘመን የትኛው ገዳም ምን ዓይነት መብት ይጠይቅ እንደ ነበር አብልጦ ይነግረናል። ታሪክ የይገባኛል ሰነድ ሆኖ መጻፉ የዛሬ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

ዐቃቤ ሰዓትነቱ ግን ተረት አልነበረም። በአሥራ አራተኛውና በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ሹማምንት መካከል ነበረ፤ ንጉሡን ማን እንደሚያይ፣ መቼም እንደሚያይ የሚወሰነው በእርሱ በኩል ነበር። ከአንድ ትንሽ ደሴት የተነሣ ሥልጣን እስከ ዙፋኑ መጋረጃ ይደርስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ ሀገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ሐይቁን አይቶ ጽፎልናል፤ በደሴቱ ላይ ብዙ መነኮሳት እንዳሉ፣ ወደ ገዳሙም የሚሻገሩት በደንገል ታንኳ እንደ ሆነ፣ በውኃው ውስጥም ጉማሬ እንዳለ ይነግረናል። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1531–32፣ የኢማም አሕመድ ጦር ደረሰ። ዘመቻውን በዐረብኛ የመዘገበው ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ወታደሮቹ የሚሻገሩበትን ታንኳ ሲያዘጋጁ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ተስማሙ። ወርቁ ሄደ፤ ወንጌሉ ቀረ። ገዳሙ ግን የቀድሞ የፖለቲካ ሥልጣኑን መልሶ አላገኘም።

እስከዚህ ያለው የደሴቱ ታሪክ ነው። የዳርቻውስ? ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት በዳርቻው የሰፈረው ሕዝብ ተቀላቀለ። ኦሮሞው መጣ፣ እስልምና ሰፋ፣ አጎራባቹ ወረዳ ወረባቦ ተባለ፤ ወሎ የምንለው ማኅበረሰብ ተፈጠረ። ዛሬ በጥንታዊው ገዳም ዙሪያ ከሚኖረው ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ገዳሙና መስጊዱም በአንድ ውኃ ዳር ይኖራሉ። ይህ ጉርብትና ያለ ፈተና የተገኘ እንዳይመስለን። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1878 ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ የሚገኘው ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ጉባኤ በኋላ የወሎ መሪዎች መሐመድ ዓሊና አመዴ ሊበን ተጠምቀው፣ አንዱ ሚካኤል፣ ሌላው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ስለ ተጠመቁት መሳፍንት ብዙ ተጽፏል፤ በሐይቅ ዳር ይኖር የነበረው ገበሬ ትእዛዙ ሲደርሰው ምን እንዳደረገ ግን የጻፈልን የለም።

ስለ ሲሶውም እንዲሁ ነው። «ሲሶው ለቀዳሽ፣ ሲሶው ለነጋሽ፣ ሲሶው ለአራሽ» ሲባል ያላደገ ማን አለ? አራሹ በስተመጨረሻ የተጠራበት ቅደም ተከተል በራሱ ይናገራል። የመሬቱን ሥርዐት በትውፊት የሚደግፈው ያ ታሪክ ከሐይቅ ስም ጋር ተቆራኝቶ ኖረ። ሥርዐቱ የመጨረሻ ፈተናውን የተፈተነው ደግሞ በዚያው በወሎ ምድር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲጸና የወሎ ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ሐይቅን አቋርጦ የሚያልፈው ያ መንገድ የተራበ ሕዝብ ተሰልፎ መኪና የሚያስቆምበት ሆነ። በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ለዘመናት የተተረከው ሲሶ በአንድ ቀን ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። አዋጁ ገበሬውን የመንግሥት ጭሰኛ አደረገው ወይስ ነጻ አወጣው የሚለው ክርክር አላለቀም፤ እኔም እዚህ አልጨርሰውም።

ከዚያም ወዲህ ዳርቻው አላረፈም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና አካባቢዋ ሲደርስ ያው መንገድ የሠራዊትና የተፈናቃይ መንገድ ሆነ። መጀመሪያ የሚረገጠው ሁልጊዜ ዳርቻው ነው።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። አልቫሬስ በታንኳ የሚደረስበት ያለው ደሴት ዛሬ ደሴት አይደለም፤ ውኃው ሸሽቶ ከየብሱ ጋር ስለ ተያያዘ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል። ጉማሬው የለም። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ተራቁተዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ይወርዳል። ሐይቁ መውጫ የለውምና የወረደው ሁሉ እዚያው ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ተለቀቀበት። ዓሣው ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ ሆኖም ቀድሞ ወደ ታች አርቆ የሚያሳየው የሐይቁ ውኃ ከዚያ ወዲህ ጥራቱ መቀነሱን ጥናቶች አመልክተዋል።

ውኃው ለገዳሙ አጥር ነበር። መጻሕፍቱ ለሰባት መቶ ዓመታት የቆዩት በጸሎት ብቻ ሳይሆን በጥልቀቱም ተጠብቀው ነው። ያ አጥር ዛሬ ሲፈርስ፣ ጠባቂው ማን ይሆናል? መልሱ አንድ ነው፦ የዳርቻው ሕዝብ። ኮረብታውን የሚያርሰውም፣ ዛፉን የሚተክለውም ሆነ የሚቆርጠው፣ መረቡን የሚጥለውም እርሱ ነው። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስፍራ ያልሰጠነውን ሰው «ታሪክህን ጠብቅ» ልንለው እንዴት ይቻለናል? የገዳሙ ወንጌል የክርስቲያኑ ብቻ፣ የሐይቁ ውኃ የሙስሊሙ ገበሬ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎቻችን ወደ ሐይቅ ሲወርዱ በገዳሙ ደጃፍ ብቻ እንዳያበቁ አደራ እላለሁ። የወረባቦን ሽማግሌ፣ የአንከርካን ገበሬ፣ መረብ የሚጥለውን ወጣት ይጠይቁ። በተለይም ወደ ገዳሙ መግባት የማይፈቀድላቸውን፣ ነገር ግን ከዚያው ሐይቅ ውኃ ቀድተው ልጅ ያሳደጉትን እናቶች ይጠይቁ። በስሙ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ዳርቻ የራሱን ቃል የሚናገርበት ዘመን ይሁን።

ቸር ይግጠመን።