ስለ ማውስ ታሪክና ስለ አመራረጡ

የትምህርት ቤታችን የሃምሳኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ ይህን መጽሔት ለምናዘጋጀው ተማሪዎች ከተሰጡን ሥራዎች አንዱ፥ በወረቀት ላይ በእጅ ተሥሎ የኖረውን የግቢውን ፕላን በኮምፒዩተር እንደ ገና መሣል ነበር። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተቀዷል፤ ቀለሙም ደብዝዟል። ዛሬ የፈረሱት የቀድሞ ክፍሎች የት እንደ ነበሩ የሚያሳይ ሌላ ሰነድ ግን የለንም። ስለዚህ ሥራው በሥዕል ከሁላችንም ለሚበልጠው ጓደኛችን ተሰጠ። እርሱም ማውሱን በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ አድርጎ መሥራት ቢጀምር፥ ቀስቷ ወዳልታሰበ ቦታ እየዘለለች መሥመሩን ሁሉ አጣመመችበት። ጓደኛችን ግራኝ ነውና፥ «ጥፋቱ የእጅህ ነው» ብለን ሥራውን ነጠቅነው። ከዚያም ገንዘብ አዋጥተን፥ በካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትንና ባለ ሱቁ «ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የለም» ያለንን ማውስ ገዛን። እርሱም ዘለለ።

ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የተነሣነው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የማውስን ሐሳብ ያመነጨው ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1925 በኦሪገን የተወለደው ይህ ሰው፥ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። በዚያ ጊዜ ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ መኪና ሲሆን፥ ሰውና መኪናው የሚነጋገሩት አብዛኛውን ጊዜ በተበሳ ካርድ ነበር። ኤንግልባርት ግን ሰው በመስኮቱ ላይ የሚያየውን ቃል በእጁ እንደሚነካ አድርጎ የሚያመለክትበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ከፕላኒሜትር ነው፤ ይኸውም መሐንዲሶች በካርታ ላይ የተከለለውን ቦታ ዙሪያውን እየተከተሉ ስፋቱን የሚለኩበት ባለ መንኰራኵር መሣሪያ ነው። ስለ ፕላን ስንደክም ለሰነበትነው ለእኛ ይህ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ሆኖብናል።

በ1964 ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ማውስ ሠራ። ከእንጨት የተጠረበ፥ በላዩ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ትንሽ ሣጥን ነበር። ከሥሩ ሁለት የብረት መንኰራኵሮች አንዱ ለአንዱ በመስቀልኛ ተተክለው ነበር። ሣጥኑ ወደ ጐን ሲሄድ አንደኛው ይሽከረከራል፤ ሌላው ይንሸራተታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ተራው ይለወጣል፤ ሰያፍ ሲሄድ ሁለቱም ይሽከረከራሉ። ሽቦው እንደ ጅራት ስለሚታይ፥ በቤተ ሙከራው ያሉት ሁሉ «ማውስ» ይሉት ጀመር፤ በቋንቋቸው አይጥ ማለት ነው። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደ ሆነ ራሱ ኤንግልባርትም አላስታወሰም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የሠሩትን ዕቃ ወዲያው የተሻለ ነው ብለው አለመቀበላቸው ነው። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ በሰጠው ገንዘብ፥ ማውሱን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር አወዳደሩት። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል በመስኮቱ ላይ የሚነካ የብርሃን ብዕር፥ በዘንግ የሚንቀሳቀስ መሪ፥ ከጠረጴዛው ሥር በጕልበት የሚገፋ መሣሪያም ሳይቀር ነበረ። በጕልበት መጻፍ ምን እንደሚመስል እያሰብን ብዙ ሣቅን፤ ነገር ግን ሣቃችን ያለ ቦታው ነበር። የብርሃን ብዕሩና የጕልበቱ መሣሪያ ለጀማሪዎች በጣም ፈጣኖች ሆነው ተገኝተዋልና። ልምድ ባላቸው ሰዎች እጅ ግን ማውሱ በፍጥነትም ስሕተት በማሳነስም ቀደመ። የለኩትም ምልክቱን የመምታቱን ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ እጅ ከጽሕፈት ቁልፎቹ ተነሥቶ ዕቃውን እስኪይዝ ድረስ ያለውንም ጊዜ ቆጥረዋል። ውጤቱ በ1967 ታተመ። በታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ በብዙ መቶ በሚቆጠሩ ባለሙያዎች ፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማውሱን እየተጠቀመ ሥራውን አሳየ።

በእርግጥ ለዚህ ጕዳይ ያሰቡት አሜሪካኖች ብቻ አልነበሩም። ካናዳውያን ለባሕር ኃይላቸው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእጅ የሚሽከረከር ኳስ ሠርተው ነበር፤ በጀርመንም ቴሌፉንከን ከሥሩ ኳስ ያለበት መሣሪያ በዚያው በ1968 አውጥቷል። ቢል ኢንግሊሽም ወደ ዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ከተዛወረ በኋላ መንኰራኵሮቹን በኳስ ተካቸው።

በዚያው ማዕከል ስቱዋርት ካርድ የተባለ ተመራማሪ ከኢንግሊሽና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ያደረገው ምርመራ በ1978 ወጣ። ከእርሱ በፊት በ1954 ፖል ፊትስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ እጅ አንድን ምልክት ለመንካት የሚወስድበት ጊዜ በምልክቱ ርቀትና በምልክቱ ስፋት እንደሚወሰን በሒሳብ አስቀምጦ ነበር፤ ምልክቱ ሲርቅና ሲጠብ ጊዜው ይረዝማል። ካርድ ማውሱን በዚህ ስሌት ቢመዝነው፥ ፍጥነቱ ራቁቱን ከሆነ የሰው እጅ ፍጥነት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ የሚያዘገየው ዕቃው ሳይሆን የዓይንና የእጅ ቅንጅት ነው ማለት ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ በጓደኛችን ላይ የፈረድነው ፍርድ ትክክል ነበር ያልን ነበርን፤ ነገር ግን ቸኩለናል።

ማውስ ወደ ሕዝብ የደረሰው በአፕል ኩባንያ በኩል ነው። የዜሮክስ ማውስ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚፈጅ ስለ ነበር፥ አፕል ርካሽና ጠንካራ ማውስ እንዲሠራለት ዲን ሆቪ ለተባለ ነዳፊ በ1980 ትእዛዝ ሰጠ። ሆቪም የብብት ሽቶ መቀቢያ ኳስና የቅቤ ማስቀመጫ ሳሕን ገዝቶ የመጀመሪያውን አምሳያ ሠራ ይባላል። ማውሱ በ1983 ከሊዛ፥ በ1984 ከማኪንቶሽ ጋር ለገበያ ወጣ። ኤንግልባርት ግን ከዚህ ሁሉ ሽያጭ ድርሻ አላገኘም፤ በ1970 የተሰጠው የፈጠራ መብት የተቋሙ ነበርና፤ መብቱም በ1987 ጊዜው አለፈ። በ2013 ዓረፈ።

የኳሱ ማውስ ጠላት ትቢያ ነው። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን፥ ኳሱን አውጥቶ በውስጡ ካሉት ትናንሽ በትሮች ላይ እድፉን በጥፍር መፋቅ የኮምፒዩተር ክፍል የዘወትር ሥራ ነበር። በ1980 ገደማ በብርሃን የሚሠራ ማውስ ቢወጣም፥ ልዩ መሥመር የታተመበት ሰሌዳ ካልተነጠፈለት አይሠራም ነበር። በ1999 ግን ሰሌዳ የማይፈልገው ማውስ ለገበያ ቀረበ። በሆዱ ትንሽ ካሜራ አለ፤ በሴኮንድ ከሺህ የሚበልጥ ሥዕል እያነሣ፥ አንዱን ሥዕል ከቀጣዩ ጋር እያስተያየ፥ የጠረጴዛው ቅንጣት ሸካራነት ወዴት እንደ ሄደ ይቆጥራል።

እዚህ ስንደርስ የፊዚክስ መምህራችን፥ «ጠረጴዛችሁ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። መስተዋት መሆኑን ስንነግራቸው አንድ ነጭ ወረቀት አንሥተው ከማውሱ ሥር አነጠፉና ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ጥርት ያለ መስተዋት ላይ ካሜራው የሚይዘው ምልክት የለም። በወረቀቱ ላይ አሮጌውም አዲሱም ማውስ ቀጥ ብለው ሄዱ።

ያን ጊዜ የካርቶኑ ቁጥርም ገባን። ቁጥሩ ማውሱ አንድ ኢንች ሲሄድ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር ይነግራል እንጂ እጅን አያጸናም። ይልቁንም ቁጥሩ ሲበዛ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ በመስኮቱ ላይ ትልቅ ርምጃ ስለሚሆን፥ ለፕላን ሥራ ዝቅ ማድረግ ነበረብን። ከዚህም በቀር የገዛነው ማውስ ለቀኝ እጅ ብቻ ጐብጦ የተሠራ ነው፤ ጓደኛችን ሊይዘው ቢሞክር አውራ ጣቱ የሚያርፍበት አጣ። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀነው፥ ሁለት ጐኑ እኩል የሆነውን አሮጌውን ማውስና ወረቀቱን ሰጠነው። አዲሱን ጽሑፍ የሚያርሙት ወሰዱት።

ፕላኑ በዚህ መጽሔት መካከል ታትሟል። የቀድሞው ቤተ መጻሕፍትና የፈረሱት ሦስት ክፍሎች በቦታቸው ይታያሉ። በስተ ምሥራቅ ያለው የአጥር መሥመር የተሰበረ የሚመስለው አጥሩ ተሰብሮ አይደለም፤ ወረቀቱ ከመነጠፉ በፊት የተሣለ ስለ ሆነ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ የሰጠን ቀን ደርሶ ስለ ነበር ለማረም ጊዜ አላገኘንም።