ጳጳስ ፍለጋ ወደ እስክንድርያ

እስክንድርያን በስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ ብለን አናምንም። የታሪክ አስተማሪያችን የነገሩን የተቃጠለ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቄሱ የነገሩን መንበረ ማርቆስ አለ። ከተማዋን ግን ብዙዎቻችን አናውቃትም። ግብፅ ሲባል ወይ ካይሮ ነው ወይ ዓባይ። እኛም አራት ሆነን ካይሮ ከርመን ሳለ ከፒራሚዱ ሁለት ቀን ቆርሰን በባቡር ወደ ሰሜን ወጣን። መንገዱ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስለ ባሕሩ ነፋስና ከተማዋ ስለምትታወቅበት የጉበት ሳንድዊች ሌላ ቀን እናወራለን። የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ ከአራታችን ሙስሊም የሆነችው ጓደኛችን ናት። ቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ደጃፍ ቆመን ‹‹ኢትዮጵያ ጳጳስ የምታስመጣው ከዚህ መንበር ነበር›› አልናት። ‹‹እስከ መቼ?›› አለች። ‹‹እስከ 1951››። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ‹‹ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን ከእኛ አንድ ሰው ጠፋ?››

መቼም ጥሩ ጥያቄ ዝም አያሰኝም። እነሆ መልሱ።

የመጀመሪያው ተሿሚ

ካርሙዝ በሚባለው ሰፈር አንድ ቀይ የአስዋን ግራናይት ዓምድ ቆሟል። ቁመቱ ከ26 ሜትር በላይ ነው። ሰው ሁሉ ‹የፖምፔ ዓምድ› ይበለው እንጂ የቆመው በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። አዎ፣ ለዚያው ለዲዮቅልጥያኖስ! ክርስቲያኖችን ከመፍጀቱ የተነሣ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ዓመተ ሰማዕታትን እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምራ ትቆጥራለች።

ለእኛ ግን ዓምዱ ሌላም ትርጉም አለው። ፍሬምናጦስ፣ ማለትም የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ይህ ዓምድ ቆሞ ነበር። ወደቡ ላይ ፋሮስ የተባለው የመርከቦች መብራት ማማም ቆሞ ነበር። ማማውን በ1303 እና በ1323 የደረሱ የመሬት መንቀጥቀጦች አፈራረሱት፤ በ1470ዎቹ መጨረሻ ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ምሽግ ሠራበት። ዓምዱ ግን አለ። እርሱ ሊያየው ይችል የነበረውን ድንጋይ እኛም አየነው።

ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነው። በልጅነቱ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዞ አክሱም ቤተ መንግሥት አደገ። በኋላ ወደ እስክንድርያው ፓትርያርክ ወደ አትናቴዎስ ሄደና ለዚያ አገር ጳጳስ እንዲልኩ ለመነ። አትናቴዎስ ሌላ ሰው አልፈለጉም፤ ከአንተ የሚሻል የለም ብለው ራሱን ሾመው ላኩት። ልብ በሉ! የመጀመሪያው ጳጳስ በትውልድ የውጭ ሰው ቢሆንም አገሩን፣ ቋንቋውንና ሕዝቡን የሚያውቅ፣ እዚያው ያደገ ነበር።

ሂሳቡ እንቢ ያለው ቀኖና

ከዚያስ? በፍትሐ ነገሥት ውስጥ አንድ ቀኖና አለ። ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው መካከል በራሳቸው ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። የተሰጠው ስም ደግሞ ከባድ ነው፦ የኒቅያ ጉባኤ ውሳኔ!

እስቲ ዓመቶቹን እናስላ። የኒቅያ ጉባኤ የተደረገው በ325 ነው። አትናቴዎስ ፓትርያርክ የሆኑት በ328 ነው። እንግዲህ በእሳቸው እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስ ጳጳስ የሆነው ከጉባኤው በኋላ ነው። አባቶች ኒቅያ ላይ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ገና የመጀመሪያዋን ጳጳስ አላገኘችም ማለት ነው። ታዲያ ገና ስላልተጀመረ ሹመት ማን ክልከላ ያወጣል? የታሪክ ሊቃውንት የሚሉት ይህን ነው፤ የኒቅያ ዋነኞቹ ቀኖናዎች 20 ናቸው፣ ይህ ከእነርሱ ውስጥ የለም። በኋለኛ ዘመን በዐረብኛ ስብስቦች የገባና በኒቅያ ስም የተጠራ ነው።

በዚህ ቀኖና የተነሣ ጳጳስ ባረፈ ቁጥር ንጉሡ ደብዳቤ ያስጽፋል፣ ስጦታ ያስጭናል፣ መልእክተኛ ይልካል። ደብዳቤው ለፓትርያርኩ ብቻ አይደለም፤ ለግብፁ ገዢም ነው። ይኩኖ አምላክ በ1274 ለሱልጣን ባይባርስ የጻፈው ለዚሁ ጉዳይ ነበር። በነገራችን ላይ፣ በዚያን ጊዜ ፓትርያርኩ እስክንድርያ አልነበሩም። መንበሩ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካይሮ ተዛውሯል። ከተማዋ ስሟን ብቻ ነው ያዋሰችው።

መዘግየት ዋጋ ነበረው። ክህነት የሚሰጠው ጳጳስ ነው፤ ጳጳስ ከሌለ አዲስ ቄስም ዲያቆንም የለም። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጳጳሱ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ክህነት ሲሰጡ ማየቱን ጽፏል። ያን የሚያህል ሰልፍ በአንድ ቀን አይበቅልም፤ ሲጠራቀም ነው የሚመጣው። ለተሿሚዎቹም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ግብፃዊው መነኩሴ ከገዳሙ ወጥቶ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር በአስተርጓሚ እያስተማረ፣ አብዛኛውን ጊዜ አገሩን ዳግም ሳያይ ያርፋል።

‹‹ሰው ጠፋ ወይ?›› ለሚለው፣ አልጠፋም። ጠያቂም አልጠፋም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ የጳጳሳቱ ቁጥር እንዲጨመር ጠይቆ ተከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጳጳሳቱ ከበዙ ተሰብስበው ሊቀ ጳጳስ ሊሾሙ ይችላሉ።

አቡነ ጴጥሮስ ከየት መጡ?

በሩ ገርበብ ያለው በ1929 ነው። በዚያ ዓመት አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ። ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን ግን አልተሰጣቸውም። ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። አዎ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ሐውልታቸው የቆመው። ከሹመታቸው ሰባት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1936፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ገደላቸው። በዚያው ዓመት ከአራቱ ሌላው፣ አቡነ ሚካኤልም፣ ተገደሉ። ከገዛ ልጆቻችሁ አይሾምባችሁ የተባለች አገር፣ ስትሾም ያገኘቻቸው እነዚህን ነው!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1948 ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1959 ፓትርያርክ ተባሉ። አትናቴዎስ የጀመሩት፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው የመሾም ልማድ ተመልሶ ለመምጣት 1600 ዓመት ገደማ ወሰደበት።

እስክንድርያ የምትሄዱ ካላችሁ ቤተ መጻሕፍቱን እዩ፤ በ2002 የተከፈተው አዲሱ ያምራል። ግን ካርሙዝም ውረዱ። ስሙ የአንዱ፣ ክብሩ የሌላው ከሆነው ዓምድ ሥር ቆማችሁ አስቡ፤ ትልቅ ስም የተለጠፈበት ነገር ሁሉ የባለ ስሙ አይደለም። ነገ አንድ ሰው ‹‹ሕጉ ከጥንትም እንዲህ ነው›› ብሎ ሲዘጋባችሁ መጀመሪያ ዓመቱን ጠይቁ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አስሉ።