ኤዲት የማይደረግ የግዑዝ ነገር ፎቶግራፍ በጎጃም ደጋ

ኤዲት የማይደረግ የግዑዝ ነገር ፎቶግራፍ ማለት ጀበና፣ መሶብ፣ የብራና መጽሐፍ፣ ፍራፍሬ ወይም ሌላ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነገር ታስቦበት ተሰናድቶ ከተነሣ በኋላ፣ ብርሃኑም ቀለሙም ዳርቻውም ሳይነካ ከካሜራው እንደ ወጣ የሚቀር ፎቶግራፍ ነው። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ዘርፉን «ስቲል ላይፍ» ይሉታል። ምስሉ ኋላ ስለማይታረም የፎቶ አንሺው ሥራ በሙሉ የካሜራውን ማንሻ ከመጫኑ በፊት ማለቅ አለበት። በዚህም ምክንያት ሰዓት፣ ወቅት፣ መስኮትና ግድግዳ ከመሣሪያው እኩል ዋጋ ያገኛሉ። ይህ መጣጥፍ የዘርፉን አመጣጥ ካስቀደመ በኋላ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

ወሰኑ

ድንበሩ የካሜራው መዝጊያ የሚከፈትበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ዕቃ ማዘዋወር፣ ብርሃን መጋረድ፣ ሌንስ መምረጥ፣ የካሜራውን ቅንብር መለወጥ ሁሉ ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ማድመቅ፣ ማፍካት፣ ጠርዝ መቁረጥም ሆነ የአቧራ ነጥብ ማጥፋት አይፈቀድም። በፊልም ዘመን ለዚህ አሠራር የተመቹት ስላይድ ፊልምና ፖላሮይድ ነበሩ፤ በሁለቱም ካሜራው ውስጥ የገባው ፊልም ራሱ የመጨረሻው ምስል ይሆናልና። በዲጂታል ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በጄፔግ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 እርከን ብቻ ይይዛል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ክፍል ተመልሶ አይገኝም። 12 ወይም 14 ቢት የሚይዘው ሮው ፋይል ብዙ ስሕተት ይሸከማል፤ ነገር ግን ሮው ሊጥ ነው፣ ሳይጋገር አይቀርብም፤ መጋገሩ ደግሞ ኤዲት ነው።

አመጣጥ

የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች ወደ ግዑዝ ነገር ያዘነበሉት በግድ ነበር። አንድ ምስል ለማስቀረት ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር ሰው ሳይነቃነቅ አይቆይላቸውም። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1837 እ.ኤ.አ. የፕላስተር ቅርጾችንና ሌሎች ዕቃዎችን ደርድሮ ያነሣው ምስል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1844 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. በክፍል በክፍል ባሳተመው «የተፈጥሮ እርሳስ» በተሰኘ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ የተሰለፉ የሸክላ ዕቃዎችን ፎቶ አቀረበ፤ ዕቃው ቢሰረቅ ፎቶው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር እንደሚችልም ጠቆመ። የዘርፉ ሁለት ፊት፣ ውበትና ምስክርነት፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብረው ይሄዳሉ።

በውበቱ በኩል ጎልቶ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. አንድ ቃሪያ የቆርቆሮ ፈነል ውስጥ አስቀምጦ፣ ፈነሉ ብርሃኑን ከዙሪያ እንዲመልስለት አድርጎ «ቃሪያ ቁጥር 30»ን አነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአንሴል አዳምስና ከሌሎች ጋር በሳን ፍራንሲስኮ የ«ኤፍ 64» ቡድንን መሠረቱ፤ ዓላማቸው ሥዕል ለመምሰል የማይሞክር፣ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ነበር።

በኢትዮጵያ

በ1867 እና 1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ካሜራ የያዙ መሐንዲሶች ነበሩት። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ልጆቹ ወረሱ። ኋላ የተስፋፋው ፎቶ ቤት ግን የሚኖረው ሰው በማንሣት ነበር። ኔጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ ፊት ማስዋብ እንደ ዋና ሙያ የሚቆጠርበት ቤት ስለነበር፣ «ሳይነካ ይቅር» የሚል ደንበኛ አልነበረውም። ዕቃን ደርድሮ የማየት ልምድ ይበልጥ የዳበረው አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በእርሳስና በቀለም ነው። ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣው ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ የተለጠፉና ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶዎች በማንሣት ይታወቃል።

የምስክርነቱ ፊት በኢትዮጵያ በስፋት የታየው በብራና መጻሕፍት ላይ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ አንሥቷል፤ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሲቀመጡ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ አዘጋጅተውላቸዋል። እንዲህ ባለው ሥራ ጥፍር የምታህል እርማት እንኳ ነውር ናት፤ የተፋቀ ፊደል «ቢጸዳ» ማስረጃው ይጠፋል። እንደ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ ጥንታውያን ቦታዎች ላሉት ለምሥራቅ ጎጃም ጉዳዩ ቅርብ ነው።

የደጋው ብርሃን

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል በማይሞላ ርቀት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስለሳሳ ፀሐዩ ይበረታል፤ ጥላው ይጠቁራል፤ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ነገር ደግሞ የሰማዩን ሰማያዊነት ይለብሳል።

የአውሮፓ መማሪያዎች «ፀሐይ የማይገባበትን የሰሜን መስኮት ምረጥ» ይላሉ። በጎጃም ይህ ምክር ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከሚያዝያ 9 እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት በስተ ሰሜን ታልፋለችና፣ በእነዚህ ወራት በቀትር የሚረጋው የደቡቡ መስኮት ነው። ልዩነቱ በአንድ ዕቃ ይታያል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጀበና ደጅ ቢቀመጥ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በሰኔ አጋማሽ ወደ ደቡብ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በሚያዝያ 9 ገደማ ጥላው ከሥሩ ይገባል። ቀትሩም በስድስት ሰዓት ሳይሆን በስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

በክረምት ደመናው ራሱ እንደ ትልቅ ማጣሪያ ብርሃኑን ያለዝባል፤ ችግሩ ከለመለመው ሣር የሚመለሰው አረንጓዴ ነጸብራቅ ነው። በበጋ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የዕቃው ገጽ ይነበባል።

አሠራር

ጭስ ያጠቆረው የጭቃ ቤት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ግድግዳው ብርሃን ይውጣል፣ በሩ ብቻውን ያበራል። ጀበናው ከበሩ ጎን፣ ከፀሐይ ገባ ብሎ ይቀመጣል። በጨለማው በኩል ጋቢ ይዘረጋል፤ ጋቢው ሲቀርብ የጀበናው ጥቁር ጎን ቅርጽ ያወጣል፣ ሲርቅ ይሟሟል። የሲኒው እንፋሎት የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና መደቡ ጥቁር ሲሆን ነው። የእንጀራ ዓይን ደግሞ ዝቅ ብሎ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይፈልጋል፤ ከላይ ከበራበት ይደፈናል። እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅ ካሜራው በሌላ ነገር ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ይቀርባል።

የካሜራው መለኪያ ሁሉንም ነገር ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው ከመለኪያው አንድ ስቶፕ ያህል ማብራት፣ ጥቁር ጀበና ሲሞላው ማጨለም ያስፈልጋል። አፐርቸር በኤፍ 8 እና 11 መካከል፣ አይኤስኦ 100፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ፣ ማንሻው በሁለት ሰከንድ መዘግየት የተለመደ አያያዝ ነው። ዋይት ባላንስ በግራጫ ካርድ ይወሰዳል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላ ለዚህ አይታመንም፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጫ በደጋው ፀሐይ ሰማያዊ ይፈነጥቃል። አምፖሉም ይጠፋል፤ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ከተደባለቁ በአንድ ቅንብር አይታረቁም። ብርሌ ከመነሣቱ በፊት የጣት አሻራው ይወለወላል፤ ፎቶ አንሺው ራሱ በመስታወቱ እንዳይታይ ጥቁር ጨርቅ ይጋርዳል።

የብራና መጽሐፍ የሚነሣው በአስተዳዳሪው ፈቃድና ቄሰ ገበዙ ባሉበት ነው። ፍላሽ ብራናውን ስለሚያብለጨልጭ አይበራም። ለጽሑፉ ለስላሳና እኩል ብርሃን ይሻላል፤ ጸሐፊው በወስፌ ያሰመረው ቀለም አልባ መስመር ግን የሚወጣው ከጎን በሚገረፍ ብርሃን ብቻ ነው። ማስመሪያና የቀለም ካርድ ከገጹ ጎን ይቀመጣሉ፤ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ወደ ብርቱካን ዘንበል ማለቱ በካርዱ ይታወቃል።

ክርክር

«ያልተነካ ምስል አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም። ጄፔግን የሚሠራው ካሜራ ራሱ የብርሃንና የጥላ ልዩነትን፣ ጥራትንና የቀለም ድምቀትን ይወስናል። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች በአንድ ንክኪ በርካታ ምስሎችን አንሥተው ያዋሕዳሉ። «ኤፍ 64»ም ቢሆን ጨለማ ክፍሉን አልተወም፤ አንሴል አዳምስ በሕትመት ጊዜ በማብራትና በማጨለም ጥበቡ የታወቀ ነበር። በዜና ፎቶግራፍ ጉዳዩ ከባድ ሆኗል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ከመጨረሻው በፊት በነበረው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶውን ከልክ ባለፈ እርማት ምክንያት አስወጥቷል።

ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ «ኤዲት አልተደረገም» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ዋናውን ፋይል አስቀምጦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመስኮቱን አቅጣጫና የካሜራውን ቅንብር ይመዘግባል። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። ያልተሳካ ምስል ስለማይጠገን፣ ዕቃው በቦታው ያድርና በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ይነሣል።