የቪዲዮ መሣሪያዎችና የኤዲቲንግ ሶፍትዌር የንግድ ትርዒት

የቪዲዮ መሣሪያዎችና የኤዲቲንግ ሶፍትዌር የንግድ ትርዒት ማለት የካሜራ፣ የሌንስ፣ የመብራት፣ የድምፅ መሣሪያና የኤዲቲንግ ሶፍትዌር አምራቾች አዳዲስ ሥራዎቻቸውን ለባለሙያዎች የሚያሳዩበት ዝግጅት ነው። ከታወቁት መካከል በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ከተማ የሚካሄደው ናብ ሾው፣ በኔዘርላንድስ አምስተርዳም የሚካሄደው አይ ቢ ሲ፣ በጃፓን የሚካሄደው ኢንተር ቢ እንዲሁም በዱባይ የሚካሄደው ካብሳት ይገኛሉ።

እንዲህ ዓይነቱ ትርዒት በአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን ከሚዘጋጀው ኤግዚቢሽንና ባዛር ይለያል። ባዛር ላይ ሸማቹ ዕቃ ገዝቶ ይሄዳል። በንግድ ትርዒት ግን ጎብኚው በአብዛኛው ዕቃውን ያያል፣ ይሞክራል፣ ይጠይቃል፣ ዋጋ ያወዳድራል፤ ግዢው የሚፈጸመው በኋላ በወኪል ወይም በትዕዛዝ ነው።

ታሪክ

ናብ ሾው ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1923 ከተመሠረተው የአሜሪካ ብሮድካስተሮች ብሔራዊ ማኅበር ምኅጻረ ቃል ነው። ጉባኤው በተለያዩ ከተሞች ሲካሄድ ከቆየ በኋላ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ላስ ቬጋስ ላይ ረግቷል። አይ ቢ ሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ተጀምሮ በ1992 ወደ አምስተርዳም ተዛወረ። በ2020 ሁለቱም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአካል ሳይካሄዱ ቀርተዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ትልቅ ክስተት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1956 ቺካጎ ውስጥ የሆነው ነው። አምፔክስ የተባለው ኩባንያ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል የመጀመሪያውን የቪዲዮ ቴፕ መቅረጫ በዚያ አሳየ። በመድረክ የተነገረ ንግግር ወዲያው ተደግሞ በቴሌቪዥን ሲታይ ተሰብሳቢው ተደነቀ። የማሽኑ ቴፕ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዋጋው ወደ 50 ሺህ ዶላር ይጠጋ ስለነበር ገዢዎቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ኤዲቲንግ ማለት ቴፑን በምላጭ ቆርጦ መቀጠል ነበር።

ከዚያ በኋላ በነዚህ ትርዒቶች የታየው ለውጥ በአመዛኙ የዋጋ መውረድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አቪድ የተባለው ኩባንያ በኮምፒዩተር የሚሠራ የኤዲቲንግ ሥርዓት ናሙና አቀረበ። በዚህ ሥርዓት ቴፕ ወደፊትና ወደኋላ ማጠንጠን ቀርቶ ምስሉ ከኮምፒዩተር ዲስክ ላይ በተፈለገው ቅደም ተከተል ይደረደራል። እ.ኤ.አ. በ1999 አፕል ፋይናል ከት ፕሮን በናብ ሾው በ999 ዶላር አወጣ። ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ደግሞ ዳ ቪንቺ ሪዞልቭን በ2009 ከገዛ በኋላ፣ በ2011 አንዱን ቅጂ በነፃ ለቀቀው። ይህ ሶፍትዌር ቀድሞ በመቶ ሺዎች ዶላር በሚገመቱ ማሽኖች ላይ ብቻ የሚሠራ የቀለም ማስተካከያ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ኤዲቲንግና የድምፅ ሥራ ተጨምሮበታል። አዶቢ በአንጻሩ ከ2013 ጀምሮ የፕሪሚየር ፕሮን አዳዲስ ቅጂዎች በኪራይ ብቻ ማቅረብ ጀመረ።

ናሙናና የተጠናቀቀ ዕቃ

በትርዒት ላይ የሚታይ ሁሉ ገበያ ላይ አለ ማለት አይደለም። አምራቾች አንዳንድ ጊዜ የሙከራ ናሙና ወይም ባዶ ቀፎ ብቻ ያሳያሉ። ሬድ የተባለው የካሜራ ኩባንያ በ2006 ናብ ሾው ላይ የሚሠራ ካሜራ ሳይኖረው ከደንበኞች ቀብድ ተቀብሏል፤ ካሜራው ለገዢዎች መድረስ የጀመረው በ2007 ነው። በዚህ አጋጣሚ ቃሉ ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ ቀኑ የሚገፋ፣ ዋጋው የሚቀየር ወይም ጭራሽ ሳይወጣ የሚቀር ዕቃም አለ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጎብኚዎች «አሁን ይሸጣል ወይስ ገና ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀድማሉ።

አጎበኛኘት

መግቢያው በቅድሚያ ምዝገባ ሲሆን ተመዝጋቢው የአንገት ባጅ ይሰጠዋል። አዳራሹን ብቻ ለመጎብኘት የሚያበቃው መግቢያ ከሥልጠናና ከጉባኤ መግቢያው በጣም ይረክሳል፤ አምራቾች በሚያድሉት የግብዣ ኮድም በነፃ ወይም በቅናሽ ሊገኝ ይችላል። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ትልቁ ወጪ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴልና ቪዛ ነው። ከተጠቀሱት ውስጥ ለአዲስ አበባ የሚቀርበው የዱባዩ ካብሳት ሲሆን፣ የመካከለኛው ምሥራቅንና የአፍሪካን ገበያ ታሳቢ ያደረገ ነው።

አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ለማየት መሞከር አያዋጣም። የሚፈለጉትን ኩባንያዎች ቀድሞ ዘርዝሮ በካርታ ላይ ምልክት ማድረግ የተለመደ ነው። ባለሙያው ለማሳያ ያዘጋጀው ቪዲዮ ሁልጊዜ ያማረ ስለሆነ፣ ከተፈቀደ የራስን ፋይል በፍላሽ ይዞ ሄዶ መሞከር የበለጠ ያሳያል። ለኢትዮጵያ በተለይ የሚከተሉትን ማጣራት ይጠቅማል፦

• የፍሬም ቁጥር፦ ኢትዮጵያ የምትከተለው የፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን የአሜሪካው 30 ይጠጋል። የኢትዮጵያ መብራት ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በ60 ኸርዝ አቆጣጠር ብቻ የሚቀርጽ ካሜራ በአምፖል ብርሃን ሥር ምስሉን ሊያርገበግብ ይችላል።

• ኃይል፦ ቻርጀሩ 220 ቮልት መቀበሉንና ባትሪው በአገር ውስጥ የሚገኝ ዓይነት መሆኑን ማየት።

• አከፋፈል፦ ሶፍትዌሩ አንዴ የሚገዛ ነው ወይስ በየወሩ በዓለም አቀፍ ካርድ የሚከፈልበት? ያለ ኢንተርኔት ስንት ቀን ይሠራል?

• የግዕዝ ፊደል፦ «ሏ»፣ «ኋ»፣ «ጯ» የመሳሰሉትን ፊደላት በርዕስና በግርጌ ጽሑፍ ላይ ጽፎ ማየት። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ሶፍትዌሩ ወይም የተመረጠው ፎንት ፊደሉን አይደግፍም።

የመጨረሻው ነጥብ የራሱ ታሪክ አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው ፋይናል ከት ፕሮ በወጣበት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ስለነበር፣ አንድ ሥራ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ርዕሱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ይሆን ነበር። ዛሬ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክንና አቢሲኒካን የመሳሰሉ ነፃ የዩኒኮድ ፎንቶች አሉ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት አዳዲስ መሣሪያዎች ግን ሁሉም አማርኛን አይደግፉም፤ ትርዒት ላይ ሊጠየቅ የሚገባው አንዱ ጉዳይ ይኸው ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምስል ቀርጾ የማሰራጨት አቅም የነበረው የመንግሥት ጣቢያ ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) አነስተኛ የቪዲዮ ካሜራዎች ሲገኙ በቪዲዮ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ወደ ሲኒማ ቤቶች መግባት ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ የሠርግ፣ የምረቃና የማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮ የሚሠሩ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ።

የዋጋው መውረድ ሁሉንም እኩል አላደረገም። ለምሳሌ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና ወረዳ ባለችው በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ይገኛል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ የሚኖር ተማሪ በላስ ቬጋስ የተዋወቀውን ነፃ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል። የሶፍትዌሩ ፋይል ግን በጊጋባይት የሚቆጠር ነው፤ ሪዞልቭን ለማሠራትም ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ነፃ ሲሆን ወጪው ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ኢንተርኔት ይዞራል።

ይህን ለማቃለል ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ «ፕሮክሲ» ይባላል። ከዋናው ቪዲዮ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቅጂ ይዘጋጅና ኤዲቲንጉ በእርሱ ላይ ይሠራል፤ ሥራው ሲያልቅ ሶፍትዌሩ በዋናው ቪዲዮ ይተካዋል። ሁለተኛው ዘዴ አንድ ሰው ያወረደውን የመጫኛ ፋይል በሐርድ ዲስክ ለሌሎች ማካፈል ነው፤ ነፃ ከሆኑት ሶፍትዌሮች ኬደንላይቭና ሾትከት ፈቃዳቸው ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ሁለቱም ከሪዞልቭ ባነሰ አቅም ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ።

ወደ ትርዒቱ መሄድ ለማይችሉም አብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች የማስተዋወቂያ ንግግራቸውን በኢንተርኔት ይለቃሉ። በዚህ መንገድ አዲስ የወጣውን ማወቅ ይቻላል፤ ዕቃውን በእጅ ይዞ መሞከርና ከሠራው መሐንዲስ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ግን የሚገኘው በአዳራሹ ውስጥ ነው።