ገንዘቡ ገባ፣ ባለቤቱ ውጭ ቀረ

ስሙኝማ! የዛሬው ትረካ የአንድ ባንክ ነው። ሌባ ሳይሰብረው፣ ሳይከስርም፣ ከአንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ ሌላ ሲዛወር ደንበኞቹን ውጭ ያስቀረ ባንክ። አገሩ ብሪታንያ ነውና ዘመኑንም በእነሱው አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሥሩ ሩቅ ነው። በ1810 ሄንሪ ደንከን የሚባሉ ቄስ በስኮትላንዷ ሩዝዌል መንደር ድሃው ጥቂት ሳንቲሙን የሚያስቀምጥበት የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። እንዲህ ያሉ ባንኮች በየከተማው ተበራከቱ፤ ኋላም ተሰባስበው ቲኤስቢ ሆኑ። በ1995 ቲኤስቢ ከሎይድስ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ሎይድስ በመንግሥት ገንዘብ ሲታደግ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ከቅርንጫፎቹ ከፊሉን እንዲለቅ አዘዘው። በ2013 ቲኤስቢ እንደገና ለብቻው ቆመ።

ለብቻው የቆመው ግን በስሙና በቅርንጫፎቹ ነው። የሰዉ ሒሳብ የሚሠራበት ኮምፒውተር አሁንም የሎይድስ ነበር፤ ለእሱም ክፍያ ይከፈል ነበር። በ2015 የስፔኑ ሳባዴል ባንክ ቲኤስቢን በ1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገዛውና ሒሳቡን ሁሉ ወደ ራሱ ሥርዓት ሊያዛውር ተነሣ።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። አለቆቹ አስቀድመው የቆረጡት ቀኑን ነው። ኖቬምበር 2017 ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሥራውን በቀኑ ልክ ሸነሸኑት። ሥራው አልደርስ ሲል ቀኑ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተገፋ። አዲሱንም ዕቅድ ቦርዱ አጥብቆ አልመረመረውም። ለእኔ ጥፋቱ የተጸነሰው ያኔ ነው፤ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ልጅ ነው።

ኤፕሪል 2018 በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ፣ ዓርብ ዕለት አገልግሎቱ ተዘጋ። የአምስት ሚሊዮን ደንበኞች መዝገብ ተጓዘ። እሁድ ማታ ተከፈተ። የሚያስደንቀው፣ መዝገቡ በደኅና ደርሷል! ገንዘቡ አለ፣ ሒሳቡ አለ። መግባት ነው የጠፋው። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ከአፑም ከድረ ገጹም ውጭ ቀረ። አንዳንዱ ገብቶ ያየው የሌላ ሰው ሒሳብ ነበር። ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈል ያቃተው ነጋዴም ነበር።

ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ስልኩን ያጠፋል፣ ያበራል። የይለፍ ቃሉን ይቀይራል። አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። እንዲህ ማድረግ አንዳንዴ ያዋጣል፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው አፕ ገንዘብ አይዝም። የሚይዘው የቀድሞው ሰርቨር «ይህን ስልክ አውቀዋለሁ» ብሎ የሰጠውን የምስጢር መለያ ነው። ሒሳቡ ሲዛወር ያ መለያ ከአሮጌው ሰርቨር ጋር ሊቀር ይችላል፤ ያኔ አዲሱ አያውቀውም። ስለዚህ አፑን ማዘመን፣ ካልሆነም አጥፍቶ መጫንና ስልኩን እንደ አዲስ ማስመዝገብ መፍትሔ ይሆናል። የድርጅት ሒሳብ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ መግባት ብቻ አይበቃም። የሒሳብ ሠራተኛውና ሁለተኛው ፈራሚ የነበራቸው ፈቃድ አብሮ መሻገሩን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

ነገር ግን በስልክም በኮምፒውተርም እምቢ ካለ፣ ጎረቤትም ያንኑ ከነገራችሁ፣ ጥፋቱ እናንተ ዘንድ አይደለም። እጃችሁን ሰብስቡ። የይለፍ ቃል ደጋግሞ መሞከር ሒሳቡን ያስቆልፋል፤ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ ይጨምራል።

የቲኤስቢ ጣጣ ይኸኛው ዓይነት ነበር። ስሎተር ኤንድ ሜይ የተባለው የሕግ ድርጅት መርምሮ በኖቬምበር 2019 ሪፖርት አወጣ። አዲሱ ሥርዓት በሁለት የመረጃ ማዕከሎች ላይ የቆመ ነበር። የብዙ ሰው ጫና ሲመጣ ይችል እንደሆነ የተፈተነው ግን አንዱ ብቻ ነበር! መንታ ይሁኑ የተባሉት ሁለቱ ማዕከሎች አደረጃጀታቸው አንድ አልነበረም። እናት ልጇ አጠገቧ እያለቀሰ ስልኳን ስትነካካ፣ ነጋዴው አፑን አሥር ጊዜ ሲያጠፋና ሲጭን፣ ሕመሙ እነሱ ሊደርሱበት በማይችሉት ክፍል ነበር። ይህ ያንገበግበኛል። ለዚያ ሁሉ ሰው «ችግሩ ከእኛ ነው፤ አትድከሙ» ብሎ በጊዜው መንገር ምን ያህል ባሳረፈው! ዋና ሥራ አስኪያጁ ፖል ፔስተር ግን በዚያው ሳምንት አገልግሎቱ ተመልሷል ብለው አስታወቁ፤ ደንበኛው ገና ደጅ ቆሞ።

ወሬውን የሰማ አጭበርባሪ አልተኛም። ሰው ከባንኩ መልእክት ይጠብቃል፤ እሱም በባንኩ ስም ይልካል፤ «ለመግባት ይህን ይንኩ» ይላል። ወደ 1,300 ደንበኞች ገንዘባቸውን ተሰረቁ። ስለዚህ በዝውውር ሰሞን በመልእክት የመጣ ማስፈንጠሪያ አትንኩ፤ አፑን ከስልኩ የአፕ መደብር አውርዱ፣ የምትደውሉትም ካርዳችሁ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ይሁን።

የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ለእርዳታ ተጠራ። ፔስተር በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ፤ በሴፕቴምበር 2018 ሥራቸውን ለቀቁ። አገልግሎቱ ወደ መደበኛው የተመለሰው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነው። ባንኩ ለደንበኞች 32.7 ሚሊዮን ፓውንድ ካሠ፤ በ2022 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። በቀጣዩ ዓመት የባንኩ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ካርሎስ አባርካ በግላቸው 81,620 ፓውንድ ተቀጡ፤ የዝውውሩን ሥራ የወሰደው ኩባንያ በእርግጥ መዘጋጀቱን በሚገባ አላረጋገጡም ተብለው።

በ2025 ደግሞ ሳንታንደር ባንክ ቲኤስቢን በ2.65 ቢሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ከራሱ ጋር ሊያዋሕደው ተስማማ። እነዚያ ደንበኞች አንድ ቀን «ሒሳባችሁ ሊዛወር ነው» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳቸው ባንኩን ሊጠይቁ የሚገባቸው ይህን ነው፦ ሁለቱም ማዕከሎች ተፈትነዋል ወይ? ቀኑስ የተቆረጠው ከፈተናው በፊት ነው፣ በኋላ?