የካርድ ክፍያ ጭማሪ እና የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ

የካርድ ክፍያ ጭማሪ ማለት ሻጭ በካርድ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ከሚከፍል ደንበኛ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ደግሞ ብር በእጁ ይዞ ለመጣ ገዢ ከተለጠፈው ዋጋ ላይ የሚቀነስለት ነው። በሒሳብ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንድ ዕቃ በካርድ 103 ብር፣ በጥሬ ገንዘብ 100 ብር ቢሸጥ ልዩነቱ በየትኛውም ስም 3 ብር ነው። ሆኖም የብዙ አገሮች ሕግ አንዱን ከልክሎ ሌላውን ይፈቅዳል።

የወጪው ምንጭ

ደንበኛ በፖስ ማሽን ሲከፍል ሻጩ ሙሉውን ገንዘብ አያገኝም። ማሽኑን ያስቀመጠው ባንክ ከሽያጩ ላይ ኮሚሽን ያስቀራል፤ ከዚሁ ላይ ካርዱን የሰጠው ባንክ እና እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉ ድርጅቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሻጩ ይህን ወጪ በሁሉም ዕቃ ዋጋ ላይ ካከፋፈለው ካርድ የሌለው ገዢም አብሮ ይከፍላል። የጭማሪው ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ ይህ ነው። ተቃዋሚዎቹ ሻጮች ከእውነተኛው ወጪ በላይ እንደሚያስከፍሉ፣ ገዢውም እውነተኛውን ዋጋ የሚያውቀው ሒሳብ ሊከፍል ሲቆም እንደሆነ ይናገራሉ። ጥሬ ገንዘብም ቢሆን መቁጠር፣ መጠበቅና ወደ ባንክ ማድረስ ስላለበት ያለ ወጪ አይደለም።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ የካርድ ኩባንያዎች ነጋዴዎችን የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ እንዳያደርጉ መከልከል እንደማይችሉ ደነገገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጭማሪው ራሱ ታገደ፤ የፌዴራሉ እገዳ በ1984 ጊዜው አብቅቶ ቀረ። ኩባንያዎቹ የዋጋ ልዩነት መኖሩ ካልቀረ «ቅናሽ» እንዲባል ይገፋፉ እንደነበር የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሪቻርድ ቴለር በ1980 ጽፈዋል፤ ሰው ቅናሽ ሲያመልጠው ከሚሰማው ይልቅ ጭማሪ ሲጠየቅ የሚሰማው ይበልጣልና። የኒው ዮርክ ግዛት የጭማሪ እገዳም በ2017 እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍርድ ቤቱ ሕጉ የሚቆጣጠረው ነጋዴው ዋጋውን የሚገልጽበትን አነጋገር ነው ብሎ ጉዳዩን ወደ ታች መልሶታል።

የአውሮፓ ኅብረት ሌላ መንገድ መረጠ። በመጀመሪያ ባንኮች እርስ በርስ የሚከፋፈሉትን ክፍያ ለዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ፣ ለክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ላይ ገደበ፤ ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በእነዚህ ካርዶች ላይ ጭማሪ መጠየቅን ከለከለ። ወጪው ከተገደበ በኋላ የመጣ ክልከላ በመሆኑ ነጋዴውን ብዙም አልጎዳም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ክሬዲት ካርድ ብርቅ ነው፤ በሕዝብ እጅ ያለው ካርድ በአብዛኛው የዴቢት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ካርድ ጭማሪ በስም አያነሳም። ነገር ግን ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፤ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ መሸጥንም ይከለክላል። ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ ከተለጠፈው በላይ የሚጠየቅ የካርድ ጭማሪ ከአዋጁ ጋር ይጋጫል፤ ከተለጠፈው በታች መሸጥ ግን አይጋጭም።

በገበያው ላይ ጎልቶ የሚታየው ችግር ግን ከካርድ ኮሚሽን ጋር ብዙም አይገናኝም። ገዢው «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተብሎ ይጠየቃል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ ከታክስ በፊት 10,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በደረሰኝ 11,500 ብር ይሆናል። ያለ ደረሰኝ የሚቀርበው የ1,500 ብር «ቅናሽ» ከየትኛውም የካርድ ኮሚሽን ይበልጣል። የባንክ ዝውውር ማስረጃ ስለሚተው ሻጩ ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ይመርጣል፤ አንዳንዱም ከድርጅቱ ይልቅ የግል ሒሳብ ቁጥሩን ይሰጣል። ይህ ቅናሽ ሳይሆን ታክስ መሰወር ነው። ገዢውም ዕቃው ቢበላሽበት የሚያቀርበው ደረሰኝ አይኖረውም።

መንግሥት ሰውን ከጥሬ ገንዘብ ለማራቅ የተጠቀመው በዋጋ ሳይሆን በገደብ ነው። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ግለሰብ በቀን ከ200,000 ብር፣ ድርጅት ከ300,000 ብር በላይ ከባንክ እንዳያወጣ ወሰነ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ፤ ትእዛዙ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልሎች ተፈጻሚ ሆነ። የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት ስለሚተመን ማደያው በክፍያ ዓይነት ዋጋ የመለየት መብት የለውም።

በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ስሟም ለአንድ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆኗል። በቡና ወቅት ገበሬው ገንዘቡን በእጁ መቁጠር ስለሚፈልግ፣ የባንክ ወጪ ገደብ የሚከብደው ከችርቻሮ ሱቅ ይልቅ ቡና ሰብሳቢው ላይ ነው። እንደ ጨለለቂ ባሉ የከተማዋ ሰፈሮች ለሚነግድ ባለሱቅ ደግሞ ጥያቄው በቅድሚያ የኔትወርክ ነው።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ የስልክ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት የሚሠሩት በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ነበር። መስመር በሌለበት ፖስ ማሽን አይሠራም፤ በባንክ ገንዘብ ያለው ሰውም በኪሱ ብር ከሌለ በተለጠፈው ዋጋ እንኳ ሊገዛ አይችልም።