በጥቂቱ የሚታወክ ማኅበር፦ የአፍ ባክቴሪያዎች መስተጋብርና የድድ በሽታ መባባስ

የድድ በሽታን የሚያመጣው የትኛው ተህዋስ ነው? ይህ ጥያቄ ለቲቢና ለኮሌራ አንድ ስም ያለው መልስ አስገኝቷል፤ ለድድ ግን አላስገኘም። በሰው አፍ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ በበሽታው የሚከሰሱትም በጤነኛ ሰው አፍ በጥቂቱ ሊገኙ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በሽታውን የሚያከፋው ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ የሚያደርጉት መስተጋብር ነው የሚል ነው።

ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት የዴንማርክ ጥናት ጥሩ መነሻ ይሆናል። 12 ጤናማ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ ተደረገ፤ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ። በእነዚያ ቀናት በጥርሳቸው ላይ የተጋገረው ንጣፍ ይዘቱ በቅደም ተከተል ተለውጧል፦ መጀመሪያ ክብ ባክቴሪያዎች፣ ቀጥሎ ዘንግና ክር መሳዮች፣ በመጨረሻ ጠመዝማዞቹ።

ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። እንደ ስትሬፕቶኮከስ ጎርዶኒ ያሉት ምራቅ በጥርስ ላይ በሚተወው ስስ ሽፋን ላይ ይጣበቃሉ። ረጅሙ ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም ከእነሱም፣ ኋላ ከሚመጡትም ጋር መያያዝ ስለሚችል ሁለቱን ወገኖች ያገናኛል፤ በዙሪያው ያለውን ኦክሲጅን እየቀነሰም አየር ለማይስማማቸው ቦታ ያመቻቻል። ከእነዚህ ዋነኛው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ነው። ሲግመንድ ሶክራንስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ13,000 በላይ ናሙናዎችን መርምረው ይህን ባክቴሪያ ከትሬፖኔማ ዴንቲኮላና ከታኔሬላ ፎርሲቲያ ጋር «ቀይ ስብስብ» በሚል መደቡት፤ ሦስቱ በጥልቅ የድድ ኪስ (ድዱ ከጥርሱ ሲላቀቅ በሚፈጠረው ክፍተት) ውስጥ አብረው ይበዛሉ። ምግብም ይደጋገፋሉ፦ ፖርፊሮሞናስ የሚያስወጣው አይሶቡቲሪክ አሲድ የትሬፖኔማን እድገት ያግዛል፤ ትሬፖኔማ የሚያስወጣው ሰክሲኒክ አሲድ ደግሞ የፖርፊሮሞናስን።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ጆርጅ ሃጂሼንጋሊስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት የአይጥ ሙከራ ነው። ፖርፊሮሞናስ ከአፍ ባክቴሪያዎች ሁሉ ከ0.01 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ የነባሮቹን ብዛትና ስብጥር ለወጠ፤ ጥርስን የያዘውም አጥንት ተሸረሸረ። ሌላ ምንም ተህዋስ በሌለባቸው አይጦች አፍ ሲገባ ግን አጥንቱ አልተነካም። ለእኔ ክርክሩን የሚቋጨው ይህ ውጤት ነው፤ አጥፊው ያለ ነባሮቹ አያጠፋም።

መንገዱም በአብዛኛው ታውቋል። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂፔይን የተባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች አሉት፤ ኮምፕሊመንት ከሚባለው የደም መከላከያ ሥርዓት ሲ5 የተሰኘውን ፕሮቲን ቆርጦ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል። ሴሎቹ ሲደርሱ የመግደል አቅማቸውን ያዳክማል፤ ብግነቱ ግን እንዲቀጥል ይተወዋል። በዚህ ከለላ የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቶቹም ይተርፋሉ። የተቆጣ ድድ ፈሳሽ ያመነጫል፣ ይደማል፤ የፈረሰው ሥጋ ፕሮቲን፣ ደሙም ብረት ያቀርባል። ብግነት ባክቴሪያን ሊያጠፋ ሲገባው እነዚህን ይቀልባል፤ እነሱም ሲበዙ ብግነቱ ይብሳል።

የታማሚው ሰውነትም ድርሻ አለው። ሎ እና ባልደረቦቹ በስሪላንካ ጥርሳቸውን የማያጸዱ 480 የሻይ ተክል ሠራተኞችን ለ15 ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳተሙት፣ በ8 በመቶው በሽታው በፍጥነት ገፋ፣ በ81 በመቶው በመካከለኛ ፍጥነት፤ 11 በመቶው ግን ከድድ መቆጣት አላለፈም።

እንግዲህ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ በመድኃኒት ማሳደድ አይበቃም። እርስ በርስ ተያይዞ የተጋገረው ንጣፍ አንቲባዮቲክን ይቋቋማል፤ በቅድሚያ በእጅና በመሣሪያ መፍረስ አለበት። ሐኪሙ ከድድ በላይና በታች ያለውን ንጣፍና ደርቆ የጠነከረውን ታርታር ይጠርጋል፤ ታካሚው በየቀኑ እንደገና እንዳይጋገር ያደርጋል። ብዙ ሰው ድዱ ሲደማ ያንን ቦታ ማጽዳት ይተዋል፤ ይህ ንጣፉ እንዲወፍር ዕድል ይሰጣል። ድድዎ የሚደማ ከሆነ ብሩሹንም ሆነ መፋቂያውን አያቁሙ፤ ለስለስ አድርገው ያጽዱ፣ ጥርስዎ መነቃነቅ ሳይጀምርም ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ።